የተቃጠለችው ንግሥተ ሳባ

ሰው በሐሰት የተጻፈበት ጽሑፍ ወይም በሐሰት የተሣለበት ሥዕል በእሳት ቢጠፋለት ደስ ሊለው ይገባልን? ወይስ ሊያዝን? ጥያቄውን በመጀመሪያ ለሚሰማው ሰው መልሱ ከደጅ የቆመ ይመስለዋል። «ሐሰት ጠፋ ብሎ የሚያለቅስ ማን ነው?» ይባላልና። እኔም ለጊዜው አልከራከርም። ነገር ግን አንባቢ ከዚህ በታች የማወጋውን የአንድ ድምፅ አልባ ሲኒማ ታሪክ ከተከታተለልኝ በኋላ መልሱን እንደ ገና አንሥቶ እንዲመዝነው እለምናለሁ።

በ1913 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1921) ፎክስ የተባለው የአሜሪካ የሲኒማ ኩባንያ «ንግሥተ ሳባ» የሚል ታላቅ ሲኒማ ሠርቶ ለሕዝብ አሳየ። አዘጋጁ ጄ. ጎርደን ኤድዋርድስ ነበር። ንግሥቲቱን ሆና የታየችው ቤቲ ብላይዝ፥ ንጉሥ ሰሎሞንን ሆኖ የታየው ፍሪትዝ ላይበር ነበሩ። ያን ጊዜ ሲኒማ ገና አንደበቱ አልተፈታም፤ ተዋናዮቹ በእጃቸውና በዓይናቸው ይነጋገራሉ፥ በትርኢቱ መካከል የተጻፈ ቃል ብቅ እያለ የጎደለውን ይሞላል፥ ከመጋረጃው ግርጌ ደግሞ ሙዚቃ ይመታል። ኩባንያው ለዚህ ሥራ ገንዘብ አልሰሰተም። ብዙ ሕዝብ በሰልፍ ቆመ፥ ተመልካቹን ከወንበሩ የሚያስነሣ የሠረገላ እሽቅድምድም ተደረገ፤ እሽቅድምድሙንም በፈረስ ግልቢያ ስሙ የገነነው ተዋናይ ቶም ሚክስ መራው። የንግሥቲቱ ልብስ፥ ወይም የልብሷ ማነስ ብንል ይቀላል፥ በዚያ ዘመን ብዙ አነጋግሯል። እስከ ዛሬ የቀሩት ፎቶግራፎች እንደሚያሳዩት ጌጡ ከጨርቁ ይበዛል።

ይህች ንግሥት ማን እንደ ሆነች ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በምዕራፍ 10 የሰሎሞንን ጥበብ በእንቆቅልሽ ልትፈትን ትሄዳለች። በማቴዎስ ወንጌል ንግሥተ አዜብ ተብላ፥ ጥበብ ለመስማት ከምድር ዳርቻ በመምጣቷ ትመሰገናለች። በክብረ ነገሥት ደግሞ ማክዳ ናት፤ ነጋዴው ታምሪን ያመጣላት ወሬ ልቧን አነሣሥቶት ኢየሩሳሌም ትወርዳለች፥ ከሰሎሞንም ቀዳማዊ ምኒልክን ትወልዳለች። ይህን ታሪክ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ያውቀዋል። ሠዓሊዎቻችን በሸራ ላይ በተርታ በተሰለፉ ክፍሎች፥ ብዙውን ጊዜም በ44፥ ከዘንዶው ከአርዌ ጀምረው ታሪኩን ይሥሉታልና፤ ከየክፍሉም ጋር ቃሉን በአማርኛ ይጽፉበታል። ነገሩን በጥሞና ለሚያየው ሰው ይህ ሸራ የኛው ድምፅ አልባ ሲኒማ ነው። ሥዕሉ በተርታ ይሄዳል፥ ጽሑፉ ከሥሩ ይናገራል፥ አባት ወይም እናት ከጎን ሆነው የቀረውን ይጨምሩበታል።

የአሜሪካው ሲኒማ ግን ከዚህ ሁሉ ስሟንና ጉዞዋን ብቻ ወስዶ የራሱን ተረት ሠራላት። በዘመኑ የተጻፉት ማጠቃለያዎች እንደሚተርኩት የፍቅሩ ትኩሳትና የሠረገላው ውድድር ታሪኩን ይመሩታል፤ ጥበብ ፍለጋው ከኋላ ይከተላል። ይህ የሲኒማ ሰዎች የዘወትር ልማድ ነው። ሕዝብ አስቀድሞ የወደደውን ታሪክ ወይም ያነበበውን ልብ ወለድ መጽሐፍ ያነሣሉ፥ ተመልካች ስሙን ሰምቶ ይመጣልና፤ ከመጣ በኋላ የሚያሳዩት ግን የፈቀዱትን ነው።

የሲኒማው ፍጻሜ እንዲህ ሆነ። በዚያ ዘመን የፊልም ጥቅል የሚሠራው ናይትሬት ከሚባል ነገር ነበር። ሥዕልን ጥርት አድርጎ ያሳያል፤ ነገር ግን ከባሩድ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ሲያረጅ ይበሰብሳል፥ ሲበሰብስ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል፥ አንድ ጊዜ ከተያያዘ ውሃ ውስጥ ቢነክሩትም አይጠፋም። ኩባንያው አሮጌ ፊልሞቹን በኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት ሊትል ፌሪ በምትባል ከተማ፥ እሳት አይደፍረውም ተብሎ በታመነ የግንብ መጋዘን ውስጥ አከማችቶ ነበር። ሐምሌ 2 ቀን 1929 ዓ.ም. በብርቱ የበጋ ሙቀት ሰሞን መጋዘኑ ከውስጥ ተቀጣጠለ። ከ40 ሺህ የሚበልጥ ጥቅል ነደደ፤ ከአካባቢው ነዋሪዎችም አንድ ልጅ በቃጠሎው ሞተ። ኩባንያው በድምፅ አልባው ዘመን ከሠራቸው ሲኒማዎች የሚበዙት በዚያ ሌሊት ጠፉ፤ «ንግሥተ ሳባ»ም አብራ ጠፋች። ዛሬ የቀረው ፎቶግራፍ፥ ማስታወቂያ፥ በጋዜጣ የተጻፈ አስተያየትና 17 ሰከንድ ያህል የሚፈጅ ቁራጭ ነው።

ይህ ዕጣ የእርሷ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት፥ ከ1912 እስከ 1929 በዚያች አገር ከተሠሩት ወደ 11 ሺህ ከሚጠጉ ረጃጅም ድምፅ አልባ ሲኒማዎች መካከል በመጀመሪያ ይዞታቸው የተገኙት ከመቶ 14 ብቻ ናቸው።

ይህን ታሪክ በአቃቂ ለምኖርበት ሰፈር ቅርብ በሆነ ደብር ለሚያስተምሩ አንድ መሪጌታ አጫወትኋቸው። የኔታ ሲኒማ ገብተው አያውቁም። «ሰይጣን ቤት» የሚለውን ያሮጌውን የአዲስ አበባ ሰው አጠራር ግን ያውቁታል፤ ሲሉትም ፈገግ ይላሉ። ሰምተው ሲጨርሱ «እሰይ!» አሉ።

«ልጄ፥» አሉኝ፥ «ሰው ስምህን የሚያጠፋ ደብዳቤ ጽፎ ደብዳቤው ቢቃጠል ከአመዱ ላይ ቁጭ ብለህ ታለቅሳለህን? እኛ የንግሥታችንን ታሪክ በብራና ይዘናል። የዚያ መጥፋት ምን ያጎድልብናል? ደግሞም ሥዕል ከቃል ይልቅ በልብ ይጣበቃል። ልጆቻችን ያንን አይተው ቢሆን ኖሮ፥ ማክዳ በተባለች ቁጥር ለዓይናቸው የምትመጣው ያች ዕርቃኗን የቆመች ፈረንጅ ነበረች።»

ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ እኔም በቀላሉ አላለፍሁትም። ሥዕል በእውነት ከቃል ይልቅ ይጣበቃል። አንድን ልብ ወለድ መጽሐፍ አንብቦ የባለታሪኩን መልክ በሐሳቡ የሣለ ሰው፥ በኋላ በሲኒማ የሌላ ሰው ፊት ቢያሳዩት የራሱ ሥዕል ወዲያው ይሸሸዋል፤ ሁለተኛም አይመለስለትም። ስለዚህ የየኔታ ፍርሃት ከንቱ ፍርሃት አይደለም። ልብሱን በሚመለከት ብቻ ከእርሳቸው ጋር አልስማማም። በክብረ ነገሥትም ቢሆን ሰሎሞን ንግሥቲቱን በቅመም በበዛ እራትና በውሃ ጥም አጥምዶ ነው ቃሏን ያስፈረሳት፤ አባቶቻችን ይህን ከመጻፍ አላፈሩም። እኔን ቅር የሚያሰኘኝ ከሰሎሞን ጋር በጥበብ የተነጋገረችው ሴት ወደ ሠረገላ ነጂነት መውረዷ ነው።

ዳሩ ግን በመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው አንድ ልማድ ይቀርበታል። ሁለት ሰዎች ተካሰው አንዱ ቢረታ የተረቺው አቤቱታ ከረቺው ጋር በአንድ ዶሴ ይታሰራል። ሐሰት መሆኑ የተረጋገጠ ማመልከቻ አይቀደድም፤ «ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል» የሚለው ውሳኔ ከላዩ ይታሰርበታል እንጂ። አዲስ ገቢ ጸሐፊዎች ይህን ሲያዩ ይገረማሉ፤ ቦታ ለማትረፍም የተረቺውን ወረቀት አውጥተው ቢጥሉ ደስ ይላቸዋል። ነገር ግን ያ ማመልከቻ ከወጣ ውሳኔው ብቻውን ዲዳ ይሆናል። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣው ሰው «ማን ምን ብሎ ነው እንዲህ የተፈረደው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት አያገኝም። ረቺው ራሱ እንኳ እውነተኛ እንደ ነበረ የሚያስረዳበት ነገር ያጣል።

አንድ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ካናዳዊቷ ደራሲ ሉሲ ሞድ ሞንትጎመሪ እ.ኤ.አ. በ1908 «አን ኦፍ ግሪን ጌብልስ» የሚል፥ ስለ አንዲት ወላጅ አልባ ልጅ የሚተርክ ልብ ወለድ አሳተመች። መጽሐፉ በብዙ አገር ተወደደ። በ1919 በአሜሪካ ድምፅ አልባ ሲኒማ ሆነ፤ የሲኒማውን መብት በ40 ሺህ ዶላር የሸጠው አሳታሚዋ ሲሆን ለእርሷ ከዚያ ምንም አልደረሳትም። ደራሲዋ ሄዳ ባየችው ጊዜ ተቆጣች። የካናዳ ታሪኳ አሜሪካዊ ሆኖባታል፤ ይባስ ብሎም የአሜሪካ ባንዲራ ሲውለበለብ አየች። ባንዲራ ምን ማለት እንደ ሆነ ለኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ያ ሲኒማ ዛሬ የለም። ቁጣዋ ግን በማስታወሻዋ ተጽፎ ቀርቷል።

እኔ ልቤ ወደ ደራሲዋ ያደላል። ነገር ግን ይህን ማድላት ፍርድ ብዬ ልጠራው አልችልም፤ የሰማሁት ከሳሽን ብቻ ነውና። አዘጋጁ ዊልያም ዴዝመንድ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1922 በሰው እጅ ተገደለ፤ ገዳዩም እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሥራው ስለ እርሱ እንዳይመሰክርለት እርሱም ጠፋ። በሌለበት የተፈረደበት ሰው ማለት እንዲህ ያለ ነው። የደራሲዋ እውነት ራሱ በዚህ ይጎዳል፤ ባንዲራው ምን ያህል ጊዜ ታየ? በየትኛው ቦታ? የልጅቷ ነገርስ ጭራሹን ተበላሽቶ ነበርን ወይስ መልካም ገጽም ነበረው? ለዚህ ሁሉ ቃሏን ከማመን በቀር መንገድ የለንም፤ ያለ ማስረጃ የሚታመን እውነትና ያለ ማስረጃ የሚታመን ሐሰት ደግሞ በመልክ አይለያዩም።

ወደ ንግሥታችን ልመለስ። የአቃቂ ነዋሪ ስለዚህ ነገር ሲያስብ በገዛ ሰፈሩ የሆነ አንድ ታሪክ ትዝ ይለዋል። በ1927 ዓ.ም. በአቃቂ የሬዲዮ ጣቢያ ተከፍቶ ነበር። በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር በድንበራችን ላይ ተሰልፎ ሳለ፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ ጣቢያ በኩል ለውጭ አገር፥ በተለይም ለአሜሪካ ሕዝብ፥ የኢትዮጵያን ጉዳይ ተናገሩ። እስቲ አንባቢ ነገሩን ያስበው። ያ ሲኒማ ሥዕል ነበረው፥ ድምፅ አልነበረውም፤ የአቃቂው ሬዲዮ ድምፅ ነበረው፥ ሥዕል አልነበረውም። ኒው ዮርክ ወይም ቺካጎ ላይ በሬዲዮው ፊት የተቀመጠው ሰው፥ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ዘር ነኝ የሚል ንጉሠ ነገሥት ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ፥ በዓይነ ልቡናው ምን አየ? ከአድማጮቹ መካከል ከ14 ዓመት በፊት ያን ሲኒማ ያየ አይጠፋም። ይህ ሰው የአገራችንን ነገር እንደ ሕግና እንደ ፍትሕ ጉዳይ ሰምቶት ይሆን? ወይስ የጌጥና የሠረገላ ተረት ቀጣይ ክፍል መስሎት ይሆን? በዚያ ሰዓት ዓለም ስለ እኛ የነበረው ሥዕል የሞትና የሕይወት ነገር ነበር።

እንግዲህ የታሪክ ተማሪ ዛሬ ተነሥቶ ይህን ሊመረምር ቢወድ ከዋና ማስረጃዎቹ አንዱ አመድ ሆኗል። የኔታ «ሐሰቱ ተቃጠለ» ሲሉ፥ የማይቀበለው ልቤ የቆመው እዚህ ላይ ነው። ሐሰቱ በ1913 ዓ.ም. ተናገረ፥ በየከተማው ዞረ፥ ሥራውንም ጨረሰ። በ1929 ዓ.ም. የተቃጠለው መናገሩን የሚያስረዳው ወረቀት ነው። ስም አጥፊ ስም ካጠፋ በኋላ ደብዳቤው ቢቃጠል የሚጠቀመው ማን ነው? ተበዳዩ አይመስለኝም።

ይህን ለየኔታ በነገርኋቸው ጊዜ ወዲያው አልመለሱልኝም። እኔም አጋጣሚውን ተጠቅሜ መጽሐፈ ሄኖክን አነሣሁባቸው። በሌላው ዓለም የነበሩ አብያተ ክርስቲያናት አይረባም ብለው በተዉት ጊዜ መጽሐፉ ጠፋ፤ መላው የተገኘው በግእዝ፥ በኛ ጸሐፍት እጅ ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ በወሰደ ጊዜ ሊቃውንቱ ተደነቁ። መጽሐፈ ኩፋሌም እንዲሁ ነው። «አባቶቻችን ሌላው የናቀውን ባይጠብቁ ኖሮ ዓለም ዛሬ ምን ያነብ ነበር?» አልኋቸው።

የኔታ ግን እንዲህ ባለ ነገር የሚያዙ ሰው አይደሉም። «አየህ፥» አሉኝ፥ «ሄኖክ የተጠበቀው ስለ ታመነበት ነው። ጸሐፊው ሐሰት ነው ብሎ እያሰበ ብራና ፍቆ፥ ቀለም በጥብጦ፥ ዓይኑን አሳውሮ የገለበጠው መጽሐፍ ካለ አሳየኝ።» በእርግጥ መልስ አጣሁ። ሰው የሚደክመው ለሚወደው ነው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ግን መልሱን ራሳቸው አመጡልኝ፤ እንዲህ ያለ የክርክር ጨዋነት ዛሬ በየትም አይገኝም። «ንስጥሮስ አለ፤» አሉ። «ንስጥሮስ ምን እንዳለ ተማሪዎቼ የሚያውቁት ከቄርሎስ ነው። ቄርሎስ ሊመልስለት ቃሉን ጠቀሰው። የመናፍቁን ቃል ሳናውቅ የሊቁን መልስ ብናጠና ከነፋስ ጋር የሚታገል ሰው እንሆናለን።» ወዲያውም ጣታቸውን አነሡ፤ «ነገር ግን ለመልስ የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው የጠቀሰው፤ ቤት ሠርቶ አላኖረውም።»

ለመልስ የሚበቃውን ያህል! ይህ ልክ የት ላይ እንደሚያበቃ አስቤ አስቤ አልደረስሁበትም። ዛሬ የሚበቃ የመሰለን ነገ ላይበቃ ይችላል፤ ጠያቂው ይለወጣልና። እኔ የንግሥቲቱን ልብስ እጠይቅ ይሆናል፤ የልጄ ልጅ ደግሞ በሰልፍ ከቆሙት ሰዎች መካከል ጥቁር ፊት ነበረ ወይስ አልነበረም ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። 17 ሰከንድ ለየትኛውም ጥያቄ አይበቃም።

ደግሞም ሲኒማው የጠፋው ሐሰት ስለ ሆነ እንዳይመስለን። ማንም አልጠላውም፤ ማንም አልፈረደበትም። እ.ኤ.አ. ከ1927 በኋላ ሲኒማ መናገር በጀመረ ጊዜ የማይናገረው ሲኒማ ገበያ አጣ። ባለንብረቶቹ የተረፉትን ጥቅሎች ከየአገሩ አስመልሰው አንዳንዱን በውስጡ ያለውን ብር ለማውጣት አቀለጡት፥ ሌላውን ቦታ አጣበበ ብለው አስወገዱት፥ የቀረውን መስኮት በሌለው መጋዘን ከመሩት። መልካሙም ክፉውም፥ እውነቱም ሐሰቱም በአንድ እሳት ሄደ። እሳት እንደ ዳኛ አይለይም። የኔታ «እሰይ» ያሉለት እሳት ስንት መልካም ሥራ አብሮ እንደ በላ ማን ይቆጥራል?

የኛው የሸራ ሥዕል በአንጻሩ አንድ ባለቤት አልነበረውም። አንዱ ሠዓሊ ከሌላው ያየዋል፥ ይገለብጠዋል፥ ይሸጠዋል፤ ገዢው ይዞት ይሄዳል፤ አንዱ ሸራ ቢቃጠል ሌላው በሌላ ግድግዳ ላይ አለ። ክብረ ነገሥትም እንዲሁ በየገዳሙ ተገልብጦ ኖሯል። ይህ ሁሉ ቅጂ እያለ እንኳ፥ እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከወሰዷቸው መጻሕፍት መካከል የነበረውን አንዱን ክብረ ነገሥት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ያለ እርሱ ሕዝቤ አይታዘዘኝም ብለው በ1864 ዓ.ም. ለእንግሊዝ መንግሥት ጽፈው አስመለሱት። ለሚወዱት መጽሐፍ እንዲህ ይደረጋል። ለማይወዱት ደብዳቤ የሚጽፍ ንጉሥ የለም፤ የሚጽፍ ካለ ቢሮው ውስጥ የተቀመጠ፥ ደመወዙን የሚቀበል፥ ለጉዳዩ ፍቅርም ጥላቻም የሌለው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ይህ ሥራ ክብር የለውም፤ ስለዚህም ነው መንግሥት ሰው ቀጥሮ የሚያሠራው።

በአገራችንም ያልተወደደ ነገር ተቀምጦ የጠቀመበት ጊዜ አለ። የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መንግሥትን ይነካል ተብሎ ታገደ። ጽሑፉ ግን ስላልጠፋ፥ ዛሬ ማንም ተማሪ አንብቦ እግዱ ትክክል ነበር ወይም አልነበረም ሊል ይችላል። ቃል ስለ ሆነ ዳነ። ሥዕልና ድምፅ ግን እንደ ቃል አይገለበጡም፤ ማሽን፥ ክፍልና ባለሙያ ይሻሉ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» እስከ ዛሬ የሚሰማው አንድ ሰው ክሩን በሥርዓት ስላስቀመጠው ነው። በ1957 ዓ.ም. የወጣውን ጥቁርና ነጩን «ሂሩት አባቷ ማነው?»ን ከአንባቢዎቼ ስንቱ አይተውታል? ስሙን ሁሉም ያውቃል፤ ስሙን ማወቅ ግን ከፎቶግራፉና ከጋዜጣው አስተያየት ብዙ አይርቅም።

አንድ ተስፋ አለ። የጠፉ ሲኒማዎች ሲገኙ ብዙ ጊዜ የሚገኙት በመንገድ መጨረሻ ባለ አገር ነው። ፊልሙ ከከተማ ወደ ከተማ ዞሮ በመጨረሻ ከደረሰበት ቦታ ለመመለስ የማጓጓዣው ዋጋ ከፊልሙ ስለሚበልጥ እዚያው ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1978 በካናዳ ሰሜን በዶሰን ሲቲ ከ500 የሚበልጡ ጥቅሎች ከበረዶ ከደረቀ መሬት ውስጥ ተቆፍረው ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ፎክስ በ1927 የሠራው የጆን ፎርድ «አፕስትሪም» በኒው ዚላንድ መገኘቱ ተነገረ። የኛም ከተማ የመንገድ መጨረሻ ነበረች። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ከጅቡቲ የሚመጣው የውጭ ዕቃ፥ የፊልም ጥቅሉም ጭምር፥ በአቃቂ ጣቢያ በኩል ያልፍ ነበር። ያ አሮጌ ሐዲድ ዛሬ አገልግሎቱን አቋርጧል። የአሮጌ ነጋዴና የአሮጌ ሲኒማ ቤት ዕቃ ቤት ግን በከተማው ውስጥ ሞልቷል፤ የዛገ የቆርቆሮ ጣሳም ባለቤቱ ምን እንደ ሆነ ሳያውቀው ለቆራሌው ይሸጠዋል።

ይህን ሐሳብ ይዤ የኔታን «እንዲህ ያለ ጣሳ በአንድ ዕቃ ቤት ቢገኝና በላዩ ንግሥተ ሳባ የሚል ቢጻፍበት ይከፈት ይላሉ ወይስ ይቃጠል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ለረዥም ጊዜ አሰቡ። «ይከፈት፤» አሉ በመጨረሻው። «መልስ የሚሰጥ ሰው አብሮ ይቀመጥ እንጂ ይከፈት።» ከዚያም የማላመልጥበትን ጥያቄ ጠየቁኝ፤ «ለመሆኑ ለዚያ ጣሳ ምን ያስፈልገዋል?»

ቀዝቃዛና ደረቅ ክፍል እንደሚያስፈልገው፥ ከሌላ መዝገብ ተለይቶ በገዛ ቤቱ መቀመጥ እንደሚገባው፥ ሳይውል ሳያድርም ወደማይቀጣጠል ፊልም መገልበጥ እንዳለበት አስረዳኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «የኛ ብራና በዕቃ ቤቱ ወለል ላይ ነው ያለው፤» አሉ። «በክረምት ውሃ ይገባበታል። አይጥም አለ። ለፈረንጇ ቀዝቃዛ ክፍል ሲሠራ ለማክዳ ጣራ ይጠገንላታል?»

ይህ ጥያቄ የበጀት ጥያቄ ነው፤ እኔም በበጀት ላይ ሥልጣን የለኝም። ቢሆንም ሁለቱ በአንድ ደብዳቤ መጠየቅ እንደሚችሉ ነገርኋቸው፤ የብራናውን ቁጥር ልኬት ጨምረው ቢሰጡኝ ረቂቁን እኔ እጽፋለሁ አልኋቸው። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ተማሪዎች ይዘው ዕቃ ቤቱን ሊቆጥሩ ተስማምተዋል።